በአንድ ዘፈን ብቻ የዘፈነው ድምፃዊ፦ የጆርጅ ቤንሰን «ብሪዚን»

የአሜሪካዊውን የጃዝ ጊታሪስትና ድምፃዊ የጆርጅ ቤንሰንን «ብሪዚን» አልበም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፍት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ድምፁን ፈልጎ ነው። «ዚስ ማስከሬድ»ን የሆነ ቦታ ሰምቶ ወዶታል፤ አልበሙ ውስጥም እንደሱ ያሉ ሌሎች አምስት ዘፈኖች ይጠብቃል። ሲከፍተው ጊታር ነው። ሁለተኛው ላይ የሚፈልገውን ያገኛል፤ ሦስተኛው እንደገና ጊታር ነው። አራተኛውም፣ አምስተኛውም፣ ስድስተኛውም። ከስድስቱ ሥራዎች ግጥም ያለው አንዱ ብቻ ነው። ይህ 39 ደቂቃ የማይሞላ፣ አብዛኛው ቃል የሌለው አልበም በአሜሪካ ብቻ የሦስት ጊዜ ፕላቲነም ማረጋገጫ አግኝቷል፤ 3 ሚሊዮን ቅጂ ማለት ነው። የፕላቲነም ማረጋገጫ ራሱ የተጀመረው አልበሙ በወጣበት እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ ከጃዝ ሰፈር ቀድሞ ያን ማዕረግ ያገኘው ይኸው አልበም ነው።

ስለ «ብሪዚን» ሁለት አባባሎች ሲደጋገሙ ይሰማሉ። አንዱ «ቤንሰን ጊታሩን ትቶ መዝፈን ሲጀምር ተሳካለት» ይላል። ሌላው «ለገበያ ብሎ ጃዙን አቀለለው» ይላል። ሁለቱንም አልቀበልም። አልበሙን ደጋግሞ፣ መሣሪያ በእጁ ይዞ የሰማ ሰው የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው፦ አንድ የጃዝ ባንድ በየምሽቱ መድረክ ላይ በሚሠራበት መንገድ፣ አብሮ ተቀምጦ፣ እየተደማመጠ ሲጫወት ተቀረጸ። ጌጡ የመጣው ኋላ ነው። ጊታሩ ደግሞ አፍ ቢከፈትም ባይከፈትም ይዘፍናል።

ቀረጻው የተካሄደው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 6 እስከ 8 ቀን 1976 ሆሊውድ ባለው ካፒቶል ስቱዲዮ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሦስት ቀን ብቻ። አሳታሚው ዋርነር ብራዘርስ፣ ፕሮዲውሰሩ ቶሚ ሊፑማ፣ የድምፅ መሐንዲሱ አል ሽሚት፣ የኦርኬስትራው አቀናባሪ ጀርመናዊው ክላውስ ኦገርማን ነበሩ። በዚያው ዓመት አልበሙ በቢልቦርድ የፖፕ፣ የአር ኤንድ ቢና የጃዝ አልበሞች ሰንጠረዥ በሦስቱም ላይ አንደኛ ወጣ። «ዚስ ማስከሬድ» ደግሞ ለብቻው በሲንግል ወጥቶ በቢልቦርድ የ100 ዘፈኖች ሰንጠረዥ እስከ 10ኛ ደረጃ ደረሰ። በ1977ቱ የግራሚ ሥነ ሥርዓት «ዚስ ማስከሬድ» የዓመቱ ምርጥ ሪከርድ ተባለ፤ የአልበሙ መጠሪያ የሆነው «ብሪዚን» በፖፕ የመሣሪያ አጨዋወት ዘርፍ አሸነፈ፤ አል ሽሚት በድምፅ ምህንድስና ተሸለመ። አንዱ ለተዘፈነው፣ አንዱ ላልተዘፈነው፣ አንዱ ለቀረጻው ጥራት። ለእኔ የአልበሙ ሚዛን በእነዚህ ሦስት ሽልማቶች ልክ ተነግሯል።

«መዝፈን ጀመረ» የሚለው ነገር በታሪክም አይቆምም። ቤንሰን በ1943 ፒትስበርግ ተወለደ። ጊታሪስት ከመባሉ በፊት የሚታወቀው በመዝፈን ነበር፤ ልጅ ሳለ ዩክሌሌ እየመታ ይዘፍን ነበር፤ 10 ዓመት ገደማ ሲሆነውም «ሊትል ጆርጂ ቤንሰን» ተብሎ ለአርሲኤ ኩባንያ ዘፍኖ ሸክላ አስወጥቷል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከኦርጋን ተጫዋቹ ጃክ ማክደፍ ጋር ከከተማ ከተማ እየዞረ ጃዝን በመድረክ ተማረ። በ1964 የራሱን የመጀመሪያ አልበም አወጣ፤ በ1968 ማይልስ ዴቪስ ለአንድ ሥራው ጠራው። በ1970 የወጣውና የቢትልስን ዘፈኖች የተጫወተበት አልበሙ ላይም ይዘፍናል። ድምፁ ሁሌም ነበረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሲቲአይ ኩባንያ ባሳተማቸው አልበሞች ግን ሰው የሚያውቀው በጣቶቹ ነበር። ሊፑማ ያደረገው ይህን ሰው እንዲዘፍን መፍቀድ ነው፤ እሱንም በአንድ ዘፈን ብቻ፣ ተገቢው ዘፈን ሲገኝ።

የሥራዎቹ አመራረጥ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። «ብሪዚን»ን የደረሰው ቦቢ ዎማክ ነው፤ ዎማክ ድምፃዊም ጊታሪስትም ነበር። «አፈርሜሽን» የሆሴ ፊሊሲያኖ ነው፤ እሱም ድምፃዊና ጊታሪስት። «ሲክስ ቱ ፎር» የፊል አፕቸርች ነው፤ በዚሁ አልበም ሁለተኛውን ጊታር የያዘው ሰው። «ሶ ዚስ ኢዝ ላቭ» የቤንሰን የራሱ። ከስድስቱ አራቱ ከጊታሪስት እጅ የወጡ ናቸው ማለት ነው። የቀሩት ሁለቱ የሊዮን ረስል «ዚስ ማስከሬድ»ና የኪቦርድ ተጫዋቹ የሮኒ ፎስተር «ሌዲ» ናቸው። ጊታሪስት የሚደርሰው ዜማ እጅ ላይ ይቀላል፦ ክሩ በተፈጥሮ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ይወድቃል፣ ጣት ሳይዘረጋ ይደረስበታል፣ ጫፉ ላይ ማርገብገቢያ ትንፋሽ አለው። የአልበሙ ቅለት ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ተጫዋቹ ከመሣሪያው ጋር አይታገልም፤ ስለዚህ ሙሉ ልቡን ለዜማው ይሰጣል።

ዎማክ «ብሪዚን»ን የጻፈው ለቤንሰን አልነበረም። በ1971 ሃንጋሪያዊው ጊታሪስት ጋቦር ሳቦ ዎማክን አጠገቡ አድርጎ ቀርጾታል፤ ያንንም ፕሮዲውስ ያደረገው ሊፑማ ራሱ ነው። ሁለቱን ቅጂዎች አስከትሎ መስማት ትልቅ ትምህርት ነው። ዜማው አንድ ነው፤ የሳቦ ግን ደረቅ፣ ጥሬ፣ ክሩ የሚንጣጣ ነው። ቤንሰን ያንኑ ዜማ አለሰለሰው እንጂ አላበዛውም። የኮርዱ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ዙር አራት ነው፦ ዲ ሜጀር ሰባት፣ ቢ ማይነር ሰባት፣ ኢ ማይነር ሰባት፣ ኤ ሰባት። ቀበሌ ውስጥ ያለ ጀማሪ ባንድ በአንድ ከሰዓት የሚይዘው ዙር ነው።

መጫወት ለሚፈልግ፣ አራቱም በአንድ ሰፈር ይገኛሉ። ዲ ሜጀር ሰባትን ከ5ኛው ክር ከ5ኛው ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ካሉት የብረት መስመሮች አንዱ) ያዙ፤ 4ኛው ክር 7፣ 3ኛው 6፣ 2ኛው 7። ቢ ማይነር ሰባት 6ኛው ክር 7 ላይ ሆኖ 4ኛ፣ 3ኛና 2ኛ ክሮች ሁሉም 7 ናቸው። ኢ ማይነር ሰባት 5ኛው ክር 7፣ 4ኛው 9፣ 3ኛው 7፣ 2ኛው 8። ኤ ሰባት 6ኛው ክር 5፣ 4ኛው 5፣ 3ኛው 6፣ 2ኛው 5። እጃችሁ ከ5ኛው እስከ 9ኛው ፍሬት አልፎ አይሄድም፤ 1ኛው ክር (ቀጭኑ) አይነካም። 1ኛውን ክር መተው ስንፍና አይደለም። ዜማው የሚኖረው እዚያ ስለሆነ ቦታ መልቀቅ ነው። ባንዶች ይህን ሲጫወቱ የሚበላሽባቸው በአብዛኛው እዚሁ ጋ ነው፦ ሁለተኛው ጊታር ስድስቱንም ክር ይገርፋል፣ ኪቦርዱ በሁለት እጁ ስትሪንግ (የቫዮሊኖች ድምፅ) ይዘረጋል፣ ቤዙ ክፍተት ባየ ቁጥር ይሞላል፤ ዜማው ታፍኖ ይቀራል። መድኃኒቱ ድምፅ መጨመር አይደለም። ሁለተኛው ጊታር ከመካከለኛዎቹ ሦስት ክሮች አይውጣ፤ ኪቦርዱ በቀኝ እጁ ብቻ ይመልስ፤ ቤዙ የኮርዱን ሥር ይዞ ይቀመጥ። ድራመሩ ደግሞ ጊታሩ ያለ አምፕሊፋየር እንኳ ትንሽ እንዲሰማ አድርጎ ይምታ። ይህን ያደረገ ባንድ አራቱን ኮርድ ለአምስት ደቂቃ ቢደጋግም አድማጭ አይሰለችም።

በአልበሙ ላይ ይህን የሚያደርጉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ማወቅ ይጠቅማል። ኤሌክትሪክ ፒያኖና ሚኒሙጉን (ሲንተሳይዘሩን) የያዘው ሮኒ ፎስተር፣ አኮስቲክ ፒያኖውን የያዘው አርጀንቲናዊው ሆርጌ ዳልቶ፣ ቤዙን የያዘው ስታንሊ ባንክስ ከቤንሰን ጋር መንገድ ለመንገድ የዞሩ የባንዱ ሰዎች ናቸው። በላያቸው የተጨመሩት ድራመሩ ሃርቪ ሜሰን፣ ከበሮና ፐርከሽን ተጫዋቹ ራልፍ ማክዶናልድና ሪትም ጊታሪስቱ አፕቸርች በስቱዲዮ ሥራ የተፈተኑ ናቸው። ይህ ድብልቅ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። የመንገድ ባንድ ብቻውን ስቱዲዮ ሲገባ መድረክ ላይ እንዳለ ይበዛል፤ የስቱዲዮ ሰዎች ብቻቸውን ሲሰበሰቡ ንጹሕ ግን ቀዝቃዛ ይሆናል። እዚህ ግማሹ ቤንሰን ቀጥሎ የሚሄድበትን ያውቃል፤ ግማሹ ደግሞ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃል።

አሁን ወደ «ዚስ ማስከሬድ» ልምጣ። ሊዮን ረስል በ1972 ያወጣው ዘፈን ነው፤ በ1973 ካርፔንተርስ ተጫውተውታል። ቤንሰን ጋ ሲደርስ 8 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ሆነ። መግቢያው ላይ ገና ግጥሙ ሳይጀምር ጊታሩና ድምፁ አንድ ላይ፣ በአንድ ዜማ፣ ያለ ቃል ይመጣሉ። ከዚያ ግጥሙ። ከዚያ ደግሞ የዳልቶ ፒያኖ፣ ብዙ ፒያኒስቶች ኖታ በኖታ ያጠኑት ሶሎ። ድምፁ የተቀረጸው ባንዱ ሲጫወት አብሮ ነው፤ ቤንሰን በአንድ ጊዜ ይጫወታል ይዘፍናልም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ስቱዲዮ ውስጥ የሠራ ሰው ያውቃል። አንድ ሰው በአንድ ወንበር ላይ ሆኖ ሲዘፍንና ሲጫወት የድምፁ ማይክ የክሩን ጩኸት ይሰማል፤ የጊታሩ ማይክ ደግሞ ድምፁን ይሰማል። ኋላ ላይ «ይህቺን ቃል ላስተካክል» ተብሎ ድምፁ ብቻ እንደገና ቢቀረጽ፣ አሮጌው ድምፅ በጊታሩ ማይክ ውስጥ እንደ ጥላ ይቀራል፤ ሁለት ሰው የሚዘፍን ይመስላል። ስለዚህ ወይ ሁሉም ይሳካል ወይ ሁሉም ይደገማል። ድምፅ ከአንዱ ወደ ሌላው ማይክ መፍሰሱን የሚቀንሱ ዘዴዎች አሉ። አምፕሊፋየሩን ሌላ ክፍል ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ በተሸፈነ ሳጥን ውስጥ ማኖር አንዱ ነው። የድምፁ ማይክ በጀርባው የማይሰማ ዓይነት ከሆነ ጀርባውን ወደ ጊታሩ ማዞር ይቻላል። ማይኮቹ እርስ በርስ ያላቸው ርቀት እያንዳንዱ ከምንጩ ካለው ርቀት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ሊሆን ይገባል፤ አፍ ከማይኩ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሌላው ማይክ ከ45 ሴንቲ ሜትር በታች አይቅረብ። ሽሚት ሙያው ሁሉ የሚታወቀው በዚህ ጥንቃቄ ነው፦ ማይኩን መርጦ ልክ ቦታው ላይ ያቆም ነበር፣ ድምፁን በማጣሪያ ማረም አይወድም ነበር፣ ከፍና ዝቅ የሚለውን በመጭመቂያ ሳይሆን በጣቱ ፌደሩን (የድምፅ መጠን ማንሸራተቻውን) እየገፋና እየሳበ ይይዘው ነበር። «ብሪዚን»ን በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ስትሰሙ ሁሉም መሣሪያ የቆመበት ቦታ የሚታያችሁ ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ኦገርማን የገባው። ባንዱ ቀድሞ ተጫውቶ ጨርሷል፤ ኦርኬስትራው በላዩ ተጨመረ። ኦገርማን በ1967 የሲናትራንና የጆቢምን የጋራ አልበም ያቀናበረ ሰው ነው፤ ብዙ ቫዮሊን ይዞ ጥቂት የመጻፍ ችሎታው የታወቀ ነው። ስትሪንጎቹ ዜማውን አይደግሙም። ቤንሰን አንድ ሐሳብ ጨርሶ ትንፋሽ ሲወስድ ቀስ ብለው ይመጣሉ፤ እሱ ሲመለስ ይርቃሉ። ዛሬ በኪቦርድ ስትሪንግ የሚያስገቡ አቀናባሪዎች እዚህ ጋ ቢያቆሙና ቢያጠኑ ብዙ ይጠቀማሉ፦ ከድምፃዊው ጋር አብሮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚነፋ ስትሪንግ ድምፃዊውን ያደክመዋል።

«ዚስ ማስከሬድ» በኤፍ ማይነር ነው። ጠቅላላ ስሜቱ ያለው በአንዲት ወደ ታች በምትወርድ መስመር ላይ ነው። ኤፍ ማይነርን በ8ኛው ፍሬት ያዙ፦ 5ኛው ክር 8፣ 4ኛው 10፣ 3ኛው 10፣ 2ኛው 9፣ 1ኛው 8። አሁን ሌላውን ሳትነኩ 3ኛውን ክር ብቻ ከ10 ወደ 9 አውርዱ። ከዚያ ወደ 8። ከዚያ ኮርዱ ወደ ቢ ፍላት ሰባት ሲቀየር ያቺ ድምፅ 7 ላይ ትወርዳለች። ኤፍ፣ ኢ፣ ኢ ፍላት፣ ዲ። በየመለኪያው ግማሽ እርምጃ ወደ ታች። ሰው የተሸፈነ ፊቱን ቀስ እያለ ሲገልጥ ዓይነት ነገር ነው፤ ዘፈኑም በጭምብል ጨዋታ ውስጥ ስለጠፉ ፍቅረኞች ነው።

ጊታሪስቶች የሚሳሳቱት የት ነው? የኤፍ ማይነርን ፔንታቶኒክ (አምስት ድምፅ ያለውን ስኬል) ይዘው በሁሉም ኮርድ ላይ ይሮጣሉ። በመጀመሪያውም በሦስተኛውም ኮርድ ያስኬዳል። በሁለተኛው ላይ ግን ኮርዱ ውስጥ ፍላት ያልሆነው ኢ አለ፤ ፔንታቶኒኩ ውስጥ ደግሞ ኢ ፍላት አለ። ሁለቱ በግማሽ እርምጃ ይጋጫሉ፤ በተለይ ረዥም ድምፅ ላይ ከቆማችሁ ጆሮ ይበላል። መፍትሔው ብዙ ቲዎሪ አይጠይቅም፤ በሁለተኛው መለኪያ ላይ ኢ ፍላትን አልፉት፣ ወይም ራሷን የምትወርደዋን መስመር ተጫወቷት። ቤንሰን በብዙ ቦታ የሚያደርገው ይህንን ነው፤ የፍጥነቱ ዝና ጆሯችንን ስለሚሸፍነው እንጂ ሶሎው በየኮርዱ ትክክለኛዋን ድምፅ በትዕግሥት የሚፈልግ ነው።

ጊታርና ድምፅን ማጣመር፣ ማለትም የሚጫወተውን ዜማ በዚያው ቅጽበት በአፍ ማለት፣ የቤንሰን መለያ ሆኗል። ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ አዝማሪ ማሲንቆውን ከጉሮሮው ሳይለይ ነው የሚጫወተው። የቤንሰን ልዩነቱ ዜማው ቀድሞ የታወቀ አለመሆኑ ነው፤ እዚያው እየፈጠረ፣ በሁለቱም እኩል ያወጣዋል። ይህን መልመድ ለሚፈልግ ሰው የሚያዋጣው መንገድ ከጣት ሳይሆን ከአፍ መጀመር ነው።

አራት ድምፅ ያላት አጭር ዜማ ያለ ጊታር አንጎራጉሩ። ደግሙት፣ ሳይለወጥ እስኪመጣ ድረስ። ከዚያ ጊታሩ ላይ ፈልጉት፤ ከዚያ ብቻ አንድ ላይ። ሜትሮኖሙ (ምት ቆጣሪው) በደቂቃ ከ60 ምት አይበልጥ። ቦታው ከ8ኛው ፍሬት አካባቢ ቢሆን ይመረጣል፤ እዚያ ከ6ኛው ክር እስከ 2ኛው ክር ያሉት ድምፆች በአብዛኛው ወንድ ጉሮሮ ውስጥ ይገባሉ፤ ሴት ከሆነች ከ5ኛው ክር ጀምራ እስከ 1ኛው ትሂድ። የማይደረስ ድምፅ ሲመጣ አፍን ሳያጨናንቁ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ መቀጠል ይቻላል።

ፊደሉ ራሱ ሥራ አለው። ፒኩ (የክር መምቻው) ክሩን በመታ ቁጥር አፍ በተነባቢ ይጀምር፦ ዱ፣ ባ፣ ዲ። ፒክ ሳይመታ ጣት ብቻ የሚጫነው ድምፅ ላይ ግን ተነባቢ አይኑር፤ አናባቢው ብቻ ይቀየር፦ «ዱ-ኢ»። ይህን ያላስተዋለ ሰው ሁለቱ የማይገጥሙት ለምን እንደሆነ ሳይገባው ወራት ያሳልፋል። ሌላው ብልሽት ጣት መቅደሙ ነው። ጣት የለመደው መንገድ አለው፤ ሲፈጥን ወደዚያ ይሄዳል፤ አፍም ተከትሎ ይጎተታል፣ ከዚያ ዝም ብሎ መጮህ ይሆናል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ትንፋሽ ሳይወስዱ ብዙ ከተጫወቱ ጣት ነው እየመራ ያለው። ሦስተኛው የድምፅ ቁመና ነው፤ ፍሬት አይንሸራተትም፣ ጉሮሮ ግን ሲደክም ዝቅ ይላል። ስልክ ላይ ቀርጻችሁ ስሙት፤ ራስ ውስጥ ልክ የሚመስለው ቅጂው ላይ ይጋለጣል። ሲያሰሙም ድምፁን ከጊታሩ ትንሽ ዝቅ አድርጉ። ድምፁ ከበለጠ ጊታሩ ይጠፋል፤ ዝቅ ካለ ግን ጊታሩ ራሱ የሚናገር ይመስላል።

የቤንሰን የቀኝ እጅ አያያዝም ሙሉ ትውልድ የቀዳው ነው። አውራ ጣቱ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ፒኩ ክሩን በጠፍጣፋው ሳይሆን በጠርዙ፣ በተለመደው ተቃራኒ በኩል ባዘነበለ ጎን ይቆርጠዋል። በዚህ ጊዜ ፒኩ ክሩ ላይ አይያዝም፣ ያልፋል፤ ድምፁም ክብና ወፍራም ይሆናል። ጉዳቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክረው ሰው አንጓው ላይ የሚሰማው ውጥረት ነው። በቀን ከ10 ደቂቃ በላይ ባይሞከር፣ ካመመም ቢቆም ይሻላል፤ ሁሉም እጅ እንዲህ አልተሠራም፤ በሌላ አያያዝም ተመሳሳይ ድምፅ የሚያወጡ አሉ።

የድምፁ ሌላው ምንጭ ጊታሩ ነው። የቤንሰን ዓይነት ጊታር ሆዱ ባዶ፣ ፊቱ የተቆለመመ ነው፤ ክሩም ላዩ ለስላሳ ሆኖ የተጠመጠመ። እንዲህ ያለ ጊታር ጮክ ባለ ባንድ መሃል ያስቸግራል፦ ከአምፕሊፋየሩ የወጣው ድምፅ ባዶውን ሆድ ያናውጣል፣ ሆዱ ክሩን ያናውጣል፣ ክሩ ተመልሶ አምፕሊፋየር ይገባል፤ ሳይቆም ይጮሃል። ከአልበሙ በኋላ በ1977 አይባኔዝ በቤንሰን ስም ያወጣው ጂቢ 10 ይህንን ችግር ለመፍታት የታሰበ ነው፤ ስፋቱ 37 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደሆነ ትንሽ ገላ ወረደ፤ ሁለቱ ፒክአፖች (የክሩን ድምፅ የሚቀበሉት ማግኔቶች) ፊቱን ቀደው አልገቡም፣ ተንጠልጥለው ቀሩ። ጊታሩን መግዛት ለማይችል ሰው ርካሹ ዘዴ ይሠራል፦ በፊቱ ላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በስፖንጅ መድፈን፣ አምፕሊፋየሩን ከጀርባ ሳይሆን ከጎን ማኖር፣ ወፍራሙን ድምፅ ከአምፕሊፋየሩ ላይ መቀነስ።

«ጃዙን ሸጠው» ወደሚለው ልመለስ። ከቤንሰን በፊት የጃዝ ጊታሪስቱ ዌስ ሞንትጎመሪ በ1960ዎቹ መጨረሻ ኦርኬስትራ ከኋላው አድርጎ ታዋቂ ዘፈኖችን ተጫውቷል፤ ብዙ ሸጧልም። የዚያን ጊዜ ቅሬታ እውነት ነበረበት፦ ብዙዎቹ አጭር ናቸው፣ ዜማውን ተጫውቶ ይወጣል፣ ሶሎ ለመፍጠር ቦታ የለውም። «ብሪዚን» ላይ ግን ከስድስቱ ሦስቱ ከ7 ደቂቃ በላይ ናቸው። ለሬዲዮ የተላከው «ዚስ ማስከሬድ» ከ3 ደቂቃ ትንሽ እንዲያልፍ ተደርጎ ተቆርጧል፤ የተቆረጠው ግን ሲንግሉ ነው፣ አልበሙ አልተነካም። ሲንግሉን ወዶ አልበሙን የገዛ ሰው ቤቱ ሄዶ ሸክላውን ሲያስቀምጥ ያልጠበቀው አምስት ደቂቃ ያህል ፈጠራ ተጨምሮ ጠበቀው። እንዲህ የሚደረግ ነገር መሸጥ ከተባለ፣ ጃዝ በብዛት በዚህ መንገድ ቢሸጥ እመኛለሁ።

የሸክላው አከፋፈልም በጥንቃቄ ነው። የመጀመሪያው ፊት 19 ደቂቃ ገደማ፣ ሁለተኛው 20 ደቂቃ ገደማ ነው። አንድ ፊት ከ22 ደቂቃ ካለፈ ቦዮቹን ማቀራረብ ግድ ይሆናል፤ ያኔ ወይ ድምፁ ይቀንሳል ወይ ቤዙ ይሳሳል። እዚህ ለባንክስ ቤዝ በቂ ቦታ ተትቷል። በስልክ ድምፅ ማውጫ የሚሰማ ሰው ይህን ቤዝ ጨርሶ አያገኘውም፤ ከአልበሙ ውስጥ አንድ ሰው አጥቶ እንደሚሰማ ይወቅ።

ይኸው ቡድን በ1977 «ኢን ፍላይት»ን፣ በ1978 በመድረክ የተቀረጸውን «ዊክኤንድ ኢን ኤልኤ»ን አወጣ። በ1980 ከኩዊንሲ ጆንስ ጋር «ጊቭ ሚ ዘ ናይት» ሲመጣ ሚዛኑ ወደ ድምፁ አጋድሎ ነበር። እነዚያም ጥሩ ሥራዎች ናቸው፤ በመሣሪያና በድምፅ መካከል ያለው ይህ ልክ ግን በ1976ቱ ላይ እንዳለ ሌላ ቦታ አላገኘሁትም። ካፒቶል ራሱ «ናት የሠራው ቤት» የሚባለው ለናት ኪንግ ኮል ክብር ነው። ኮልም በፒያኖ የጀመረ ጃዘኛ ነበር፤ ድምፁ ሲወደድ ፒያኖው ተረሳ። ቤንሰን በዚያው ቤት ውስጥ፣ ቢያንስ በእነዚያ ሦስት ቀናት፣ ጊታሩን አላስረሳም።

አልበሙን ለማያውቅ ሰው ከሁለተኛው ፊት፣ ከ«አፈርሜሽን» ጀምሩ እላለሁ። ለ7 ደቂቃ አንድም ቃል የለም። ዜማው አልፎ ሶሎው ሲጀምር አፋችሁን ዘግታችሁ አብራችሁ ለማንጎራጎር ሞክሩ፤ ፈጣኑ ቦታ ላይ ትቀራላችሁ፣ ግድ የለም፣ ቀጥሉ። ትንፋሻችሁ የሚያልቅበትን ቦታ ልብ በሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ጋ እሱም ክሩን ለቆ ዝም ብሏል።